ብርዱ ከታች ነበር፦ በታጣፊ አልጋ ላይ ያሳለፍኳቸው ሌሊቶች

የከርሰ ምድር ውኃ ጥናት ላይ ነው የምሠራው። ሥራው በዓመት ሦስት አራት ወር ከቤት ያስወጣኛል። መስክ መውጣት ስጀምር ስለ ጂፒኤስ፣ ስለ ውኃ ናሙና አወሳሰድ፣ ስለ መንገድ ደኅንነት ሥልጠና ሰጥተውናል። ስለ መኝታ ግን «ፍራሽ ያዙ» ከመባል ያለፈ አልሰማሁም። ቀኑን ሙሉ በድንጋይ መሐል ሲዞር ለሚውል ሰው ሌሊቱ ምን ያህል እንደሚወስን ማንም አልነገረኝም። ባለማወቄ አንድ ታኅሣሥ ላይ ከአልጋዬ መነሳት አቅቶኝ በሰው ትከሻ ተደግፌ ከተራራ ወረድኩ። ከዚያ ወዲህ የተማርኩትን ለመስክ ሠራተኞች፣ ለተራራ ተጓዦች፣ ሆስፒታል ውስጥ ሰው ለምታስታምሙም ጭምር ልጽፍላችሁ ፈለግሁ።

ነገሩ የሚጀምረው አፋር ነው፤ በ2009 ዓ.ም. ጥር። ዳሎል አካባቢ ነበርን፤ ከባሕር ጠለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ቦታ። ጥር እዚያ የቀዝቃዛው ወቅት ነው፤ እንዲያም ሆኖ ድንኳን ውስጥ አያስተኛም። እዚያው ባለችው ሐመድ ኢላ መንደር አገሬውም እንግዳውም ደጅ ነው የሚያድረው። እኔ የስፖንጅ ፍራሼን መሬት ላይ አነጠፍኩ። መሬቱ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ይመልሰዋል። ከላይ ነፋስ እየነፈሰ ጀርባዬ በላብ ይዘፈቃል። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ፍራሼን ሳነሳ ከስሩ ጊንጥ ወጣ። ከዚያ በኋላ ያለው ሌሊት እንቅልፍ ሳይሆን ጥበቃ ሆነብኝ።

የአፋር ሰዎች አልጋ ሌላ ነው። አራት የእንጨት እግር አለው፤ መኝታው በገመድ ወይም በጠፍር የተጠላለፈ ነው። ነፋሱ በስር ይገባል፤ ሰውነት ከላይም ከታችም ይነፍስበታል። ሳየው አያቴ ቤት የነበረውን የጠፍር አልጋ አስታወሰኝ። ሾፌራችን፣ ጋሼ ነው የምንላቸው፣ የራሳቸው የሸራ አልጋ ነበራቸው። ማታ ማታ ከመኪናው ጣሪያ አውርደው በደቂቃ ውስጥ ይዘረጉታል። ጊንጡን ያየሁ ቀን «ልጄ፣ ዛሬ እዚህ ላይ ተኚ፤ እኔ መኪናው ውስጥ እሆናለሁ» አሉኝ። እምቢ ብል አልሰሙኝም። ያን ሌሊት አንዴም ሳልነቃ ነጋ። አዲስ አበባ እንደገባሁ ታጣፊ አልጋ ልገዛ ወሰንኩ።

የመጀመሪያውን ስህተት የሠራሁት መርካቶ ነው። ሱቁ ውስጥ ሦስት ዓይነት ታጣፊ አልጋ ነበር። ርካሹን መረጥኩ። ሻጩ ዘረጋልኝ፤ ቁጭ አልኩበት፤ አልተንቀጠቀጠም። ከፍዬ ወጣሁ። አልተኛሁበትም። ሰው እያየኝ መሐል ሱቅ ውስጥ መጋደም አፈርኩ። አደራችሁን፣ ይህን እፍረት ተዉት። አልጋ የሚገዛው ተጋድመው ነው። ቁጭ ሲሉበት ክብደቱ አንድ ቦታ ላይ ያርፋል፤ ስለ ወገብና ስለ ትከሻ የሚነግራችሁ ነገር የለም።

ያ አልጋ ሦስት ቦታ የሚታጠፍ የብረት አልጋ ነበር። በየመታጠፊያው ከሸራው ስር አግድም የሚያልፍ ብረት አለው። ሸራው አዲስ ሳለ ብረቱ አይሰማም። ሸራው ትንሽ ሲረግብ ግን ሰውነት ይሰምጥና ብረቱ ላይ ያርፋል። የእኔን ትከሻ አጥንትና ከዳሌዬ ዝቅ ያለውን ቦታ ነበር የሚያገኘው። ርዝመቱም አጠረኝ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ70 ነው፤ የአልጋው መኝታ ደግሞ 1 ሜትር ከ80 አይሞላም። በወረቀት ላይ ይበቃል። ትራስ ሲደረግና እግር ሲዘረጋ ግን ተረከዜ የመጨረሻው ብረት ላይ ይወጣል።

አፋር ስመለስ ይህ ሁሉ አልታወቀኝም። ሙቀት ነው፤ ሰውነት ይፍታታል። ሲጎረብጠኝ ተገላብጬ እተኛለሁ። ጠዋት ወገቤን ትንሽ ሲይዘኝ የመኪናው መንገድ ነው እያልኩ አለፍኩት። ከመሬት ከፍ ማለቱ ብቻ ለእኔ በቂ ነበር። ጥሩ አልጋ የገዛሁ መስሎኝ አንድ ዓመት ሊሞላኝ ምንም አልቀረም።

ከዚያ በ2010 ዓ.ም. ታኅሣሥ ሥራው ወደ ሰሜን ተራሮች ወሰደን። የምንጮችን የፍሰት መጠን ነበር የምንለካው። ከደባርቅ ተነስተን ሳንቃበር አደርን፤ በማግስቱ ግጭ ካምፕ ገባን። ግጭ 3,600 ሜትር አካባቢ ነው። ከፍታ በየ1,000 ሜትሩ ሲጨምር አየሩ በስድስት ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል። እኔ ከባሕር ጠለል በታች የለመድኩትን አልጋ ይዤ ነው ወደ እዚያ የወጣሁት። ታኅሣሥ ደግሞ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሌሊቱ ውርጭ የሚጥልበት ወር ነው። ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ባልዲ ውስጥ ያደረ ውኃ ከላዩ በረዶ ይሠራል።

በመጀመሪያው ሌሊት ስሊፒንግ ባጉን (ውስጡ ገብተው የሚተኙበትን የመኝታ ከረጢት) አልጋው ላይ ዘረጋሁ። ሌላ ምንም አላነጠፍኩም። ከላይ ሁለት ብርድ ልብስ ደረብኩ። ሰባት ሰዓት ላይ ነቃሁ። ደረቴ ደህና ነው። ጀርባዬና ዳሌዬ ግን በረዶ ላይ እንደተኛሁ ነበር። በሁለተኛው ሌሊት ከላይ ጋቢ ጨመርኩ፤ ጃኬትም ለበስኩ። ብሶ ቁጭ አለ። ስሊፒንግ ባጉ ውስጥ ተጣብቄ መገላበጥ አቃተኝ። በሦስተኛው ሌሊት ተኮራምቼ፣ ጉልበቴን አገጬ ጋ አድርሼ አደርኩ። ሸራው በክብደቴ ረግቦ ብረቱ ዳሌዬ ስር ቆሟል። ወደ አሥር ሰዓት ላይ እንቅልፍ ጣለኝ። ሲነጋ እግሬን ልዘረጋ ስል ወገቤ ቆለፈ። የሆነ ነገር ከውስጥ ጨምድዶ ያዘኝ። መጮህም መነሳትም አልቻልኩም። ትንፋሼን ስስብ ራሱ ይወጋኛል።

የደረሱልኝ አብረውን የነበሩት ስካውት፣ የፓርኩ ጠባቂ፣ ናቸው። አረጋዊ ሰው ናቸው፤ ተወልደው ያደጉት እዚያው ተራራ ላይ ነው። «አይዞሽ ልጄ፣ አትታገዪው» እያሉ በጎኔ አዙረው አስቀመጡኝ። ከዚያ አልጋዬን በእጃቸው ዳሰሱት። ሸራውን ከላይ፣ ከዚያ ከስር። «ልጄ፣ ከታችሽ ምንም የለም እኮ። ብርዱ ከላይ መሰለሽ? በስር ነው የሚገባው» አሉኝ። ያን ቀን ማታ የራሳቸውን አጎዛ አምጥተው ፀጉሩን ወደ ላይ አድርገው ሸራው ላይ አነጠፉልኝ። በአጎዛው ላይ ስሊፒንግ ባጉ፣ ከላይ አንድ ብርድ ልብስ ብቻ። ወገቤ እንደተያዘ ቢሆንም ያን ሌሊት አልበረደኝም። ሦስት ሌሊት በልብስ ክምር ያላገኘሁትን ሙቀት አንድ የበግ ቆዳ ሰጠኝ።

ምክንያቱን በኋላ ነው የተረዳሁት። ስሊፒንግ ባግ የሚያሞቀው በውስጡ በያዘው አየር ነው። ከሰውነታችን ስር ያለው ክፍል በክብደታችን ይጨፈለቃል፤ አየሩ ይወጣል፤ ስስ ጨርቅ ብቻ ይቀራል። መሬት ላይ ብንተኛ ከዚያ ስር ፍራሽ አለ። ታጣፊ አልጋ ላይ ግን ከስር የሚያልፈው ቀዝቃዛ አየር ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ የሰውነታችንን ሙቀት እየወሰደ ይሄዳል። አፋር ላይ ያዳነኝ ያው ነፋስ ነው ግጭ ላይ የጣለኝ። ከላይ ስንት ብርድ ልብስ ብትደርቡ ይህን አይዘጋላችሁም። ደጋ ላይ ከሸራው በላይና ከሰውነታችሁ በታች ወፈር ያለ፣ ሲጫኑት የማይጨፈለቅ ነገር ያስፈልጋል። አባቶቻችን መደብ ላይ ቁርበትና አጎዛ የሚያነጥፉት ለዚህ ነው። እኔ ግን የሚያውቀውን ሰው ሳልጠይቅ ወጣሁ።

በማግስቱ ወረድኩ። በቅሎ ተዘጋጅቶልኝ ነበር፤ የበቅሎው ንቅናቄ ግን ወገቤን ይሰነጥቀዋል። ጥቂት ተቀምጬ፣ ብዙውን በሁለት ሰው ትከሻ ተደግፌ መኪና መንገድ ደረስኩ። ጎንደር ላይ የመረመረኝ ሐኪም የጀርባ ጡንቻዬ ተኮማትሮ መቆለፉን፣ በአከርካሪ አጥንቶቼ መሐል ያለው ዲስክም መጎዳት መጀመሩን ነገረኝ። ብርድ፣ ተኮራምቶ ማደር፣ የረገበ መኝታ፣ ቀን ቀን ደግሞ ሸክም፤ ሁሉም ተደማምሮ ነው አለኝ። አዲስ አበባ ተመልሼ ሁለት ወር ፊዚዮቴራፒ ተመላለስኩ። ያ ሁለት ወር ረጅም ነበር። ጫማዬን እህቴ ነበረች የምታስርልኝ።

እግራችሁን የሚያደነዝዛችሁ፣ ወይም ሕመሙ ከወገብ ተነስቶ እስከ ባት የሚወርድ ከሆነ አልጋ በመቀየር ጊዜ አታጥፉ። መጀመሪያ ሐኪም ይያችሁ። ሽንት መቆጣጠር ካቃተ ወይም እግር መታዘዝ ካቆመ ደግሞ ያንኑ ቀን ነው ሆስፒታል የሚኬደው።

ፊዚዮቴራፒስቷ ካስተማረችኝ ውስጥ ሦስቱን እስከ ዛሬ አልተውኳቸውም። በጀርባዬ ስተኛ የተጠቀለለ ጋቢ ከጉልበቴ ስር አደርጋለሁ። በጎኔ ስተኛ በጉልበቶቼ መሐል። ስነሳ ደግሞ ቀጥ ብዬ በሆዴ ጉልበት አልነሳም። መጀመሪያ ወደ ጎን እዞራለሁ፤ እግሮቼን ከአልጋው አወርዳለሁ፤ በእጄ እየገፋሁ እቀመጣለሁ። ታጣፊ አልጋ ላይ ይህ በተለይ ይጠቅማል፤ ሸራው መሐሉ ላይ ስለሚሰጥ ቀጥ ብሎ መነሳት ወገብን ያስጨንቃል።

ሁለተኛውን አልጋ ለመግዛት አምስት ወር ፈጀብኝ። ይህን ያህል አትቆዩ፤ ግን አትቸኩሉ። ሜትር ይዤ ነበር የምዞረው። የሰው ቁመት ላይ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ጨምሩ፤ ከዚያ ያጠረ አልጋ አይሆናችሁም። እኔ 1 ሜትር ከ90 ነው የወሰድኩት። ስፋቱን ስትለኩ ከውጭ ብረት እስከ ውጭ ብረት ሳይሆን በሁለቱ ብረቶች መሐል ያለውን ሸራ ለኩ። ትከሻችሁ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ብዙዎቹ ከ60 እስከ 75 ሴንቲ ሜትር ናቸው። በጀርባ ለሚተኛ 60 ይበቃል። በጎኑ ለሚተኛና ለሚገላበጥ ሰው ግን ጠባብ አልጋ ሌሊቱን ሙሉ ብረት ያስታቅፈዋል።

ከፍታው ላይ ብዙ ሰው አያስብም። ወገባችሁ ወይም ጉልበታችሁ የሚያማችሁ ከሆነ ቁጭ ስትሉ እግራችሁ መሬት የሚረግጥበት፣ ጉልበታችሁ በዘጠና ዲግሪ የሚታጠፍበት ከፍታ ይሁን። ይህ ለአብዛኛው ሰው ከ40 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ነው። ከመሬት አንድ ስንዝር ብቻ የሚነሱ ዝቅተኛ አልጋዎችም አሉ። እነሱ ሁለት ኪሎ ገደማ ስለሚመዝኑ ተሸክሞ ለሚሄድ ሰው ጥሩ ናቸው፤ ትንሽ ድንኳን ውስጥም ይገባሉ። ከእነሱ ላይ መነሳት ግን ከመሬት እንደመነሳት ነው። ለእኔ አልሆኑኝም።

የሚሸከመውን ክብደት ስትጠይቁ የራሳችሁን ኪሎ ብቻ አትቁጠሩ። ልብስ፣ ብርድ ልብስ፣ ሲገለበጡ የሚያርፈው ኃይል አለ። 80 ኪሎ የሆነ ሰው 120 የሚሸከም ቢይዝ ይሻለዋል። ሸራውም ላይ ትኩረት ስጡ። የጥጥ ሸራ ለቆዳ ይስማማል፤ በጊዜ ብዛት ግን ይረግባል፤ ሲረጥብም ለመድረቅ ይዘገያል። ፖሊስተሩ ያን ያህል አይረግብም፤ ሙቀት ላይ ግን ያለ አንሶላ ያስልባል። ስፌቱን ገልብጣችሁ እዩ። ብረቱ በሚያልፍበት በኩል ሁለትና ሦስት ጊዜ የተሰፋ ነው? ክሩ አልተፈታም? አብዛኛው ታጣፊ አልጋ የሚሞተው በብረቱ ሳይሆን በስፌቱ ነው።

ከዚያ ተጋደሙበት። ሃያ ደቂቃ። በጀርባ፣ በቀኝ ጎን፣ በግራ ጎን። ዳሌያችሁ ከትከሻችሁ በታች ሰምጦ የሚቀር ከሆነ ተዉት። ከስር አግድም ብረት ካለ በእጃችሁ ፈልጉት፤ ከሸራው ጋር ያለው ክፍተት ጠባብ ከሆነ ሸራው ሲረግብ ያገኛችኋል። ተንቀሳቀሱና ድምፁን ስሙ። አሥር ሰው በሚያድርበት ካምፕ ውስጥ የሚንቋቋ አልጋ የሁሉንም እንቅልፍ ይወስዳል። በመጨረሻ ሻጩ ሳይረዳችሁ ራሳችሁ አጥፋችሁ ዘርጉት። የራስጌና የግርጌ ዘንግ ያላቸው አልጋዎች የመጨረሻዋን ዘንግ ማስገባት ላይ ይፈትናሉ። አንዱን ጫፍ አስገብታችሁ የአልጋውን እግር በእግራችሁ ደግፋችሁ ሌላውን ግፉት። ጣታችሁን ከመጋጠሚያው አርቁ። እኔ የአውራ ጣቴን ጥፍር ያጣሁት እዚያ ላይ ነው።

በመጨረሻ ያገኘሁት ሰባት ኪሎ የሚመዝን፣ እግሮቹ መስቀልኛ የሆኑ የአሉሚኒየም አልጋ ነው። ያገለገለ ነበር። አግድም ብረት የለውም፤ ሸራው ራሱ በሁለቱ ጎን ብረትና በራስጌና ግርጌው ዘንግ ይወጠራል። ዘመድ ከውጭ ሲመጣ ልታስመጡ ያሰባችሁም ካላችሁ፣ የዚህ ዓይነቱ ሲታጠፍ አንድ ሜትር ገደማ ነው። ብዙ አየር መንገዶች የሻንጣ ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት ተደምሮ ከ158 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ይጠይቃሉ። ለላኪው ይህን ቀድማችሁ ንገሩት፤ አየር ማረፊያ ላይ እንዳይጨነቅ።

ይህኛውን አልጋ የፈተንኩት በ2012 ዓ.ም. ኅዳር ባሌ ላይ ነው፤ ሳነቴ አምባ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ። ከግጭም ይበርዳል። ነፋሱም አያርፍም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከመሄዴ በፊት ያለውን ሌሊት በፍርሃት ነው ያሳለፍኩት። ግን ተዘጋጅቼ ነበር። አነጣጠፌ ይህ ነው፤ ደጋ ለምትወጡ እንዳለ ውሰዱት። ሸራው ላይ ጠንካራ የስፖርት ስፖንጅ ምንጣፍ፣ ሁለት ሴንቲ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው። በላዩ አጎዛ፣ ፀጉሩ ወደ ላይ። በላዩ ስሊፒንግ ባግ። ከላይ አንድ ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ። ሻንጣዎቼንና የመሣሪያ ሣጥኖቹን ከአልጋው ስር በነፋሱ በኩል ደረደርኳቸው። ይቺ ትንሽ ነገር ናት፤ ግን ከስር የሚያልፈውን አየር ትገታለች።

በአየር የሚነፋ ፍራሽ መጀመሪያ ሞክሬ ነበር። ለስላሳ ነው፤ ደጋ ላይ ግን አልወደድኩትም። አየሩ በብርድ ሲኮማተር ሌሊት ላይ ይላላል። ውስጡ ሙቀት የሚይዝ ነገር ከሌለው ራሱ ቀዝቃዛ ነው። ሸራ ላይም ይንሸራተታል። ካላችሁ ከስሩ ስፖንጅ አድርጉ፤ በሁለት ገመድም ከአልጋው ጋር እሰሩት።

ከመተኛቴ በፊት ሙቅ ውኃ በብረት ኮዳ ሞልቼ፣ ክዳኑን አጥብቄ፣ በካልሲ ጠቅልዬ እግሬ ስር አደርጋለሁ። በሃይላንድ አትሞክሩት፤ ስሱ ፕላስቲክ በፈላ ውኃ ይጨማደዳል፤ ሊፈስስባችሁም ይችላል። ውስጥ ልብሴን ቀይሬ፣ ደረቅ ካልሲ አድርጌ ነው የምገባው። ቀን በላብ የራሰ ልብስ ሌሊት ያቀዘቅዘኛል።

አንድ ነገር በጣም አስምሬ ልናገር። ሲበርዳችሁ የከሰል ምድጃ ወደ ድንኳን አታስገቡ። ፍሙ ነጭ ሆኖ ጭስ ባይታይም ይገድላል። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ሰው እንቅልፍ እንደወሰደው ይቀራል። አልጋችሁ ከስር በደንብ ከተነጠፈ ከሰሉ አያስፈልጋችሁም።

ቆላ ስትወርዱ ይህን ሁሉ ገልብጡት። ስፖንጅና አጎዛ እቤት ይቅር። ሸራው ላይ አንሶላ ወይም ቀጭን ሰሌን ይበቃል። አየሩ በስር ይለፍ። አልጋውን ከድንኳኑ ግድግዳና ከድንጋይ ክምር አርቁት። አንሶላችሁ ወይም ብርድ ልብሳችሁ መሬት ላይ አይንጠልጠል፤ ጊንጥ የሚወጣው በእሱ ላይ ነው። ጫማችሁን ጠዋት ሳታራግፉ አታጥልቁ። በአገራችን ወባ በብዛት የሚገኘው ከ2,000 ሜትር በታች ነው፤ ስለዚህ አጎበር ያዙ። ታጣፊ አልጋ ጠባብ ስለሆነ ክንዳችሁ አጎበሩን ነክቶ ያድራል። ትንኝዋ ደግሞ በአጎበሩ ቀዳዳ በኩል ትነክሳለች። አራት እንጨት ከአልጋው እግሮች ጋር አስራችሁ አጎበሩን ወደ ውጭ ወጥሩት፤ ጫፉን ከተኛችሁበት ስር ወትፉት።

አዘረጋጉ ላይም ጥቂት ልበል። መሬቱ ትንሽ ካዘመመ ራስጌያችሁ በከፍታው በኩል ይሁን። በጎን ያዘመመ ቦታ ላይ ግን አትዘርጉ፤ ሌሊቱን ሙሉ ላለመውደቅ ስትታገሉ ጡንቻችሁ አያርፍም። ከእግሮቹ ስር ጠፍጣፋ እንጨት ወይም የተቆረጠ ጎማ አድርጉ። ግጭ ላይ የአልጋዬ እግር የድንኳኑን ወለል ቀዶት ነበር። ድንኳን ስትከራዩም ቁመቱን ጠይቁ። ከፍ ያለ አልጋ ትንሽ ድንኳን ውስጥ ሲገባ ፊታችሁ ጣሪያውን ይነካል፤ ጤዛውም ፊታችሁ ላይ ይንጠባጠባል። ስትቀመጡ ደግሞ በጎኑ ብረት መሐል ላይ አትቀመጡ። ብረቱ የሚጎብጠው እዚያ ነው። እግር ባለበት በኩል ተቀመጡ።

ከመስክ ስትመለሱ ሸራውን እርጥብ ሆኖ አታጥፉት፤ ይሻግታል፤ ስፌቱም ይበሰብሳል። የአፋር ጨውና አቧራ መጋጠሚያ ውስጥ ይገባና ብረቱን ይበላዋል። በእርጥብ ጨርቅ ጠርጌ፣ በደረቅ አድርቄ፣ ፀሐይ ላይ አቁሜ ነው የማጥፈው። የእኔ አልጋ በአራተኛው ዓመት ረግቦ ነበር። መጣል አላስፈለገም። አያቴ ቤት የጠፍር አልጋ ሲረግብ ጠፍሩ ተፈትቶ እንደገና እንደሚወጠር ትዝ አለኝ። ሸራውን ለሰፊ ወስጄ በሁለቱም ጎን ሦስት ሦስት ሴንቲ ሜትር አስጠበብኩት። እንደ አዲስ ተወጠረ። የጠፋች የእግር ላስቲክና ብሎን ደግሞ ምናለሽ ተራ ታገኛላችሁ፤ አሮጌውን ለናሙና ይዛችሁ ሂዱ።

ሆስፒታል ላይ ሰው ለምታስታምሙ ደግሞ ይህን ልጨምር። እናቴ ታማ አሥራ አንድ ሌሊት አብሬያት ሳድር ይህን አልጋ ነበር የወሰድኩት። አስቀድማችሁ ነርሷን ጠይቁ፤ የማይፈቅድ ክፍል አለ። የሚፈቀድ ከሆነ በቀን ታጥፎ ከታማሚው አልጋ ስር የሚገባ መሆኑን ለኩ። የነርሶቹን መተላለፊያ አትዝጉ። ሲሚንቶ ወለል ላይ ፍራሽ አንጥፎ ከማደር በብዙ ይሻላል፤ እናቴ ሌሊት ስትጣራ ወገቤን ሳያመኝ እነሳ ነበር። ከስር ግን እዚያም ምንጣፍ አድርጉ። የሆስፒታል ሌሊት ከተማ ውስጥ ሆኖም ይበርዳል።

ስካውቱ ያን አጎዛ መልሰው አልተቀበሉኝም። ገንዘብም እምቢ አሉ። «መንገድ ላይ ያስፈልግሻል» ብለው ከጀርባዬ አድርገው አሰሩልኝ። ባሌም የሄድኩት በእሱ ነው፤ እናቴ ጋ ያደርኩትም በእሱ። ዘንድሮ ሳየው በትከሻዬና በዳሌዬ በኩል ፀጉሩ ሳስቷል፤ እጄን ሳሳርፍበት ቆዳው ይሰማኛል። ከሚቀጥለው መስክ በፊት አዲስ ልገዛ ነው። አሮጌውን ደግሞ ጠቅልዬ ከጉልበቴ ስር አደርገዋለሁ።